የዶሮ ሐኪም

ዶሮ ከቤት እንስሳት ሁሉ ታናሽ ናት። በሬ ቢታመም ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ባለቤቱም እንቅልፍ አጥቶ ያድርና ሲነጋ ወደ ሐኪም ይገሰግሣል። ዶሮ ብትታመም ግን ሐኪም ይጠራልኝ የሚል ሰው ከቶ አይገኝም፤ ዋጋዋ ከመንገዱ ድካም ያንሳል ተብሎ ይታሰባልና። ዳሩ ግን በብዙ ድኻ ቤት ለጨው፥ ለሳሙናና ለልጅ ደብተር የሚሆነው ገንዘብ የሚገኘው ከእንቍላል ነው።

አንዲት ባልቴት ከአንድ ልጅዋ ጋር ትኖር ነበር። በሬም ላምም አልነበራትም፤ ያላት 11 ዶሮ ብቻ ነበረ። ልጁ እንቍላሉን ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት አድርጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ይወስድ ነበር፤ ደብተርና እርሳስም የሚገዛው ከዚያው ነበር። በግንቦት ወር አንዲት ዶሮ ክንፍዋን ጥላ ከጥግ ቆመች። በማግሥቱ አረንጓዴ ኩስ አስቀመጣት፤ አፍዋንም ከፍታ በጭንቅ ትተነፍስ ጀመር። የሌላይቱም አንገት ተጠመዘዘ። እናቲቱ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በሎሚ ለውሳ አጐረሰቻቸው። አንዲት ጎረቤትም ለሰው የታዘዘ ካፕሱል ከፍታ በውኃቸው በጠበጠችላት። ይሁን እንጂ በ5 ቀን ውስጥ 8 ዶሮዎች ሞቱ።

ያች ጎረቤት፥ «የቀሩትን 3 ዶሮዎች ሳይሞቱብሽ ሽጪያቸው» ብላ መከረች። እናቲቱም ብዙ አሰበች፤ ሌላ ገንዘብ አልነበራትምና በመጨረሻ እሺ አለች። ልጁ ዶሮዎቹን እግራቸውን አስሮ ወደ ገበያ ሲሄድ በመንገዱ ላይ የእንስሳት ጤና ኬላ ነበረ። ሐኪሙም በደጅ ቆሞ አየውና፥ «ልጄ፥ እነዚህ ዶሮዎች ታመዋልን?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ መዋሸት ቢያምረውም እውነቱን ተናገረ።

ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ፤ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ ስንት እንደ ሞቱ፥ ምን እንደ በሉ፥ በቅርብ ቀን አዲስ ዶሮ ገብቶ እንደ ሆነ ጠየቀ። እንስሳ ሕመሙን አይናገርምና ባለቤቱ ይህን ሁሉ ቈጥሮ መያዝ ይገባዋል፤ «ታመመብኝ» ብቻ ማለት ለሐኪም እምብዛም አይጠቅመውም። ልጁም ከስምንት ቀን በፊት እናቱ ከገበያ አንዲት ዶሮ በርካሽ እንደ ገዛች አስታወሰ።

ሐኪሙም አለ፦ «እንግዲያው ያንተን ቤት ያጠፋው ሌላ ሰው ዛሬ አንተ ልታደርገው የወጣኸውን ስላደረገ ነው። ይህ በሽታ ፈንግል ይመስላል። የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዐይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው፤ ካፕሱሉ ይህን አይገድለውም። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኀኒት የለውም፤ እኔም ለእነዚህ የምሰጣቸው የለኝም። በጓሮ መንገድ መልሰህ ለብቻቸው ዝጋባቸው፤ የሞቱትንም በጥልቅ ቅበሩ። እጅህንና እግርህን ሳትታጠብ ወደ ሰው ዶሮ ቤት አትግባ። ፈንግልን የሚከለክለው ዶሮዎች ጤነኞች ሳሉ የሚሰጥ ክትባት ነው። ነገር ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተሠራ ነው፤ ከተበጠበጠም በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል። ለ3 ዶሮ አይከፈትም። መንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን ቢሰበሰብ ግን ለአንዲቱ ዶሮ የሚደርሰው ዋጋ ጥቂት ነው።»

ሊድን የማይችልን በሽታ አስቀድሞ መከልከል እንደሚቻል በከብትም ታይቶአል። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ (ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ያመጣው ኀዘን ነበር) በ1880 ዓ.ም. በምፅዋ ወደብ ከወረዱ የታመሙ ከብቶች ጋር ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀ። የሚያርስ በሬ ስለ ጠፋ፥ ድርቅና አንበጣም ስለ ተጨመረ፥ እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሆነ። ለዚያም በሽታ ማዳኛ አልተገኘም፤ ክትባት ግን ተገኘለትና በየአገሩ ከብት እየተከተበ በ2003 ዓ.ም. ከምድር እንደ ጠፋ ታወጀ። ዛሬ በቢሾፍቱ ከተማ የእንስሳት ክትባት የሚያዘጋጅ የመንግሥት ተቋም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሬ ወይም በግ በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ደም ቢፈስስ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ቆዳው አይገፈፍም፤ ሥጋውም አይበላም። በሽታው ሰውን ይገድላል። እንዲህ ያለውን ሳይነኩ ወዲያው ለጤና ኬላው ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መንገር ያስፈልጋል።

ልጁ ዶሮዎቹን መለሰ። አንዲቱ ሞተች፤ ሁለቱ ተረፉ። እናቲቱም ወደ ጎረቤቶችዋ እየሄደች በየደጃፉ ቆማ የሐኪሙን ቃል ነገረች። አንዳንዶቹ፥ «ለዶሮ ደግሞ ክትባት!» እያሉ ሳቁ። የእርስዋን ባዶ ቆጥ ያዩት ግን አልሳቁም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ብልቃጡን በቀዝቃዛ ሣጥን ይዞ መጣ። ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ በማለዳ ተያዙ፤ ለእያንዳንዳቸውም በዐይናቸው አንድ ጠብታ ተደረገላቸው። አንድ አውራ ዶሮ አምልጦ ከዛፍ ላይ ወጣ፤ ልጆቹም እስኪይዙት ድረስ ሁሉ ሳቀ። የተከተቡት 64 ሆኑ። ልጁ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ የባለቤቶቹን ስም በተራ ጻፈ፤ ሐኪሙ ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ የሚከትብበትንም ቀን ከበታቹ አሰፈረ።