ማሳሰቢያ፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጣና ደሴቶች ለምትጓዙ

የማኅበር ጉዞ አስተባባሪዎች ሆይ፣ አውቶቡስ ከመከራየታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። የውጭ አገር ሰው ደሴት የሚረግጠው ጠይቆ ነው፤ እኛ ግን «የራሳችን ገዳም» እያልን ሳንጠይቅ እንገባለን።

• ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ።

• ሴቶች አብረዋችሁ ካሉ መዳረሻችሁን አስቀድማችሁ ምረጡ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገቡም። እናቶችን ከደብረ ማርቆስ አምጥቶ ጀልባ ላይ በፀሐይ ማስቀመጥ ነውር ነው፤ ጥፋቱም የአስተባባሪው እንጂ የገዳሙ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም ሆነች የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችን ይቀበላሉ።

• ናርጋ ከባሕር ዳር ሩቅ ናት፤ በማለዳ ተሳፈሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል። ሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። ዋጋ ስትነጋገሩ ጀልባው ቆሞ የሚጠብቅበትንም ጨምሩ።

• ሥዕል አትሳለሙ። በዚህ የሚቀየሙኝ አይጠፉም። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው፤ የስንቱ ምእመን የእጅ ወዝና የከንፈር እርጥበት ሲደራረብበት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጨርቁም ይላቀቃል። ደጃፉን ተሳለሙ፤ በረከቱ አይቀርባችሁም። የስልካችሁን ፍላሽ አጥፉ፣ መጋረጃም አትግለጡ። ናርጋ በር ላይ የተቀረጸው ፈረንጅ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው ይባላል፤ እሱንም በዓይን ብቻ።

• ጣና ቂርቆስ የኦሪትና የወንጌል ቅርስ ጎን ለጎን የሚታይባት ትንሽ ደሴት ናት። በትውፊት ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት ያህል እዚያ ኖራለች። እዚያ ባሉት የኦሪት መሥዋዕት ድንጋዮች ላይ አትቀመጡ፣ ለበረከት ብላችሁም ስባሪ አታንሡ። በታሪኩ መከራከር የፈለገ ባሕር ዳር ተመልሶ ቡና ቤት ይከራከር፤ መነኮሳቱን አያስጨንቅ።

• ዳጋ ላይ የዘርዓ ያዕቆብና የፋሲለደስ ዐፅም እንዳለ ይነገራል። «ክፈቱልን» እያላችሁ አትጨቅጭቁ፤ ካሳዩአችሁም ፎቶ ለማንሣት አስፈቅዱ።

• ሥጋና መጠጥ ይዞ ወደ ገዳም አይኬድም።

• ገንዘብ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ክተቱ እንጂ ለልጆች በእጅ አትስጡ፤ ከትምህርት ቤት ያስቀራቸዋል።

• ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፤ ቢልሃርዝያ አለበት። የእምቦጭ አረም አበባ ቢያምራችሁም ነቅላችሁ አትውሰዱ፤ ወደ ሌላ ውኃ እንዳታዛምቱት። የውኃ ፕላስቲካችሁን ሰብስባችሁ ወደ ባሕር ዳር መልሱ።