«ወራጅ አለ» የማን ድርሻ ነው?

ስለ ውፍረትና ስለ ስፖርት የሚጻፉ የምክር ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ያወፈርከው አንተ፣ የምታከሳውም አንተ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ጥፋቱ ግማሹን እንደ ሙሉ ማቅረቡ ነው። በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረን ሰው እንውሰድ። መስመሩን አልመረጠም፣ ታሪፉን አልተመነም፣ የእግረኛ መንገዱንም አልሠራም። «ወራጅ አለ» ብሎ የት እንደሚወርድ የሚወስነው ግን እሱ ነው። የግል ኃላፊነት የሚባለው ይህችው ድርሻ ናት።

ድርሻዋ ትንሽ ብትመስልም ሒሳቧ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ጠዋት 15 ደቂቃ ተራምዶ ታክሲ የሚይዝ፣ ማታም ቀድሞ ወርዶ 15 ደቂቃ የሚራመድ ሰው በ5 ቀን 150 ደቂቃውን ይሞላል፤ የጂም ክፍያም ቱታም አያስፈልገውም። ጥቅሙ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ነው። ክብደትን በእግር ጉዞ ብቻ ለመቀነስ የተነሳ ግን ሊያዝን ይችላል፤ አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዝ፣ በግማሽ ሰዓት እርምጃ የተቃጠለውን በጥቂት ጉንጭ ይመልሰዋል። ይህን ሳይናገር «ተራመድ፣ ትከሳለህ» የሚል ጽሑፍ አንባቢውን ያታልላል።

«ታዲያ ጥፋቱ የከተማው አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም መሠረት አለው። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሴቶች በ2000 እ.ኤ.አ. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 8 በመቶ ደረሱ። በ16 ዓመት ውስጥ የሰው ፈቃድ እንዲህ አልሰነፈም፤ የተለወጠው ኑሮው፣ ሥራውና ምግቡ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ሰው ወጥቶ ሮጧል፣ ተራምዷል። ስለዚህ የእግረኛ መንገዱ በሸቀጥና በተቆፈረ አፈር የተያዘበትን ነዋሪ «ሰነፍ» ብሎ መስደብ ምክር አይባልም። የመንገዱ ዕዳ የከተማው አስተዳደር ነው። ግን መንገዱ እስኪጠገን የምንጠብቅበት ጊዜም ከዕድሜያችን ይቆጠራል።

«ሕዝባችን ቁርጠኝነት የለውም» የሚሉትስ? የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት የሚጾም ክርስቲያንና ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም በአንድ አጥር በሚኖሩበት ኮልፌ ቀራኒዮ ይህ አባባል አያስኬድም። ጾሙ የሚጸናው በእምነት ነው፤ የታወቀ ቀን ስላለውና ጎረቤትም አብሮ ስለሚጾም ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። ከዚህ የምንማረው፣ ኃላፊነት ማለት ጥርስ ነክሶ ብቻን መታገል ሳይሆን ለልማዱ ሰዓት ቆርጦ፣ ጓደኛ ይዞ መጀመር መሆኑን ነው። ከተማው የራሱን ዕዳ እንዲከፍል እየጠየቁ፣ እርስዎ ዛሬ ማታ ከሰፈርዎ አንድ ፌርማታ ቀድመው «ወራጅ አለ» ይበሉ።