ስኩዊድ ስለሚባለው የባሕር ፍጥረትና ስለ አጠማመዱ

በጨው ባሕር ከሚኖሩት ፍጥረታት አንዱ ስኩዊድ ይባላል። ከዓሣ ጋራ ቢቈጠርም ዓሣ አይደለም፤ አጥንት የለውምና ወገኑ ከቀንድ አውጣ ነው። ስምንት ክንዶችና ሁለት ረዣዥም መያዣዎች አሉት፤ አፉ እንደ በቀቀን አፍ ጠንካራ ነው፤ ልቡ ሦስት፥ ደሙም ሰማያዊ ነው። ጠላት ሲመጣበት ጥቁር ቀለም ተፍቶ ይሰወራል። ይህ ነገር ለሰሚው ተረት ቢመስልም እውነት ነው።

ከወገኖቹ አንዱ የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ፥ በአርጀንቲና አገር ትይዩ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። መምህሩ ካርታ ዘርግቶ ይህን ባሕርና የፎክላንድን ደሴቶች ለተማሪዎቹ ያሳያቸው። ወደዚያ በየዓመቱ ከቻይና፥ ከታይዋንና ከደቡብ ኮሪያ ብዙ መርከቦች ይመጣሉ። ሥራቸው በሌሊት ነው። በመርከቡ ግራና ቀኝ ከመቶ የሚበልጡ ታላላቅ የኤሌክትሪክ መብራቶች ይሰቀላሉ፤ ስኩዊዱም ወደ ብርሃኑ ይመጣና ከመርከቡ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ከዚያ ብዙ መንጠቆ ያለበት ገመድ በመኪና ወደ ጥልቁ ይለቀቅና እየተነቀነቀ ወደ ላይ ይሳባል። ስኩዊዱ ትንሽ ዓሣ መስሎት ሲያንቀው ይያዛል። መንጠቆው ወደ ኋላ የተመለሰ እሾህ ስለሌለው፥ ከላይ ሲደርስ ስኩዊዱ በራሱ ይወድቃል፤ የሰው እጅ አያስፈልገውም። ሳተላይቶች በሌሊት ባነሡት ፎቶግራፍ ላይ፥ አንድ ቤት እንኳ በሌለበት ባሕር መካከል ታላቅ ከተማ ያለ ይመስላል።

የዚህ ስኩዊድ ዕድሜ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በሰሜን ባለው ሞቃት ውሃ ይፈለፈላል፤ ወደ ደቡብ ወርዶ እየበላ ያድጋል፤ ተመልሶም በመቶ ሺህ የሚቈጠር እንቁላል ጥሎ ይሞታል። ላም ያለው ሰው ጥጃው ቢሞትበት እናቲቱ ትቀርለታለች፤ ስኩዊድ ግን እንደ ዘር እህል ነው፤ የዘንድሮው ሁሉ ከተያዘ የከርሞውን የሚወልድ አይገኝም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓመት ከዚህ ወገን ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ተይዞ ነበር፤ በ2004 ግን ከ200 ሺህ ቶን በታች ሆነ። ጥፋቱን ሁሉ በአጥማጆች ላይ መጣል አይገባም፤ የባሕሩ ሙቀትና ሞገድ ሲለወጥ ገና የተፈለፈሉት ብዙዎቹ ይጠፋሉና።

በፎክላንድ ከ1987 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ክልክል ነው። ለፈቃዱ የሚከፈለው ገንዘብ በበግ ጠጕር ይተዳደሩ የነበሩትን ሰዎች ባለጸጋ አደረጋቸው። ሊቃውንትም የተያዘውን እየቈጠሩ፥ ለመውለድ የሚቀረው ያነሰ እንደ ሆነ ዘመኑ ሳይፈጸም ማጥመዱ እንዲቆም ያደርጋሉ። አርጀንቲናም በበኩሏ የማጥመጃውን ወራት በሕግ ወስናለች።

ነገር ግን በ1982 በተፈረመው የባሕር ሕግ፥ የአንድ አገር የማጥመድ ሥልጣን ከዳርቻው 200 የባሕር ማይል፥ ይኸውም 370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስኩዊዱ ይህን ድንበር አያውቅም፤ ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። ከድንበሩ ውጭ ባለው በዚያ ባሕር ለስኩዊድ ልክ የሚወስን የመንግሥታት ማኅበር የለም፤ ስለዚህ መርከቦቹ በድንበሩ አጠገብ ተሰልፈው ያድራሉ፤ አንዳንዶቹም መብራታቸውን አጥፍተው ይገባሉ ተብለው ይከሰሳሉ። በ2016 በመጋቢት ወር የአርጀንቲና የባሕር ጠባቂዎች አንድ የቻይና መርከብ በክልላቸው ውስጥ ሲያጠምድ አገኘን ብለው አሳደዱት፤ አልቆምም ባለ ጊዜም ተኩሰው አሰጠሙት። መርከበኞቹ ግን ሁሉም ከውሃው ወጥተው ዳኑ።