ያገለገለ የስፌት መኪና ዋጋ እንዴት ይገመታል?

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ በቀንዱ ማማር ብቻ አይታለልም። ጥርሱን ያያል፤ አስኬዶም ይመለከተዋል። ያገለገለ የልብስ ስፌት መኪና ስንገዛም እንዲሁ ነው። ቀለሟ ስላብረቀረቀ ብቻ የከብት ዋጋ ከፍለን ብንወስዳትና ቤት ስትደርስ አልሰፋም ብትል፣ ጉዳቱ የመላው ቤተሰብ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንመርምር።

1. ዕድሜዋን እንይ። ሲንገር የተባለው ኩባንያ የተቋቋመው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። በአሮጌ ሲንገሮች ብረት ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ይህ ቁጥር ከኩባንያው መዝገብ ጋር ሲመሳከር መኪናዋ መቼ እንደተሠራች ያሳውቃል። ነገር ግን አርጅታለች ብለን አንናቃት። አካሏ ጠንካራ ብረት ስለሆነ በደንብ ከተያዘች ብዙ ዘመን ታገለግላለች።

2. ክር ሳናስገባ ተሽከርካሪዋን በእጃችን እናዙር። አልዞርም ካለች ቶሎ «ተበላሽታለች» አንበል። ብዙ ጊዜ የሚይዛት የደረቀ ዘይት ነው። በነጭ ጋዝ ታጥባ የስፌት መኪና ዘይት ሲደረግላት ትፈታለች። የምግብ ዘይት ግን ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚያጣብቅ አይደረግባትም። ዋናው ብረቷ ከተሰነጠቀ ወይም ዝገት ውስጧን ከበላው መተው ይሻላል።

3. መርፌው የታሰረበትን ዘንግ ነቅነቅ እናድርገው። በጣም ከተወዛወዘ ተበልቷል ማለት ነው።

4. በታጠፈ አቡጀዲ ላይ ሰፍተን እንይ። ስፌቱ እኩል እኩል መሄድ አለበት። የላይኛው ክር ከታች በኩል ከተንዘላዘለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክሩን እንደገና ማስገባት ወይም ማጥበቂያውን ማስተካከል ይበቃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ደኅነኛዋ መኪና በገበያው 4000 ብር ታወጣለች እንበል። የምናያት መኪና ግን ቺንጋዋ ተበጥሷል፤ የታችኛው ክር ማጠንጠኛም የላትም። ቺንጋ 200 ብር፣ ማጠንጠኛ 300 ብር፣ ለሠሪው የእጅ 500 ብር ቢሆን፣ ወጪው 1000 ብር ነው። 4000 ሲቀነስ 1000፣ 3000 ብር ይሆናል። ተገቢው ዋጋ ይኸው ነው።

ይህ ሒሳብ ገዢን ብቻ አይጠቅምም። የባሏን መኪና የምትሸጥ ባልቴትም «አሮጌ ብረት ናት» የሚላት ነጋዴ እንዳያታልላት ይረዳታል።

ጥያቄዎች
ሀ. አልዞር ያለች መኪና ሁሉ ተበላሽታለች? ለምን?
ለ. ደኅነኛዋ 3500 ብር ብታወጣ፣ የጥገናው ወጪም 800 ብር ቢሆን፣ ስንት ብር እንከፍላለን?