ስንት ይወልዳሉ? ስንቱስ ያድጋል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት እንስሳት በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ እንደሚወልዱ ወይም ስንት እንቁላል እንደሚጥሉ ነው።

መጀመሪያ ከቤታችን እንጀምር። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 ያህል እንቁላል ከጣለች በኋላ ታቆምና መታቀፍ ትፈልጋለች። 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች። ግን የሚገማ እንቁላል አለ፣ ጭልፊት የሚወስደው ጫጩት አለ፣ ሸለምጥማጥም አለ። ስለዚህ ቄብ ወይም አውራ እስኪሆኑ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ድመት 3፣ 4 ወይም 5 ትወልዳለች። ፍየል ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ላም በ9 ወሯ አንድ ጥጃ፣ አህያ በ12 ወሯ አንድ ውርንጭላ።

የመንዝ በግስ? 5 ወር አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ነው የምትወልደው። ዶሮ አንድ ጫጩት ቢሞትባት ሌሎች ይቀሯታል፤ በግ ግን አንዱ ከሞተባት የ5 ወር ልፋቷ ሁሉ ሄደ ማለት ነው። በውርጭ ጊዜ ግልገል ቤት ውስጥ እሳት ዳር የሚያድረው እኮ ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን እንዲህ ተለያየ? ዋናው ምክንያት እንክብካቤ ነው። እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፣ ማንም አይጠብቅላትም። በብዛት ካልጣለች ዘሯ ይጠፋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አገራችንን ያስቸገረው የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነው፤ አንዷ በአንድ ጊዜ ብቻ እስከ 80 እንቁላል አፈር ውስጥ ትቀብራለች። ልጇን የምታጠባና የምትሸከም እናት ግን ያን ያህል ብትወልድ ወተቱም ጉልበቱም አይበቃትም።

አሁን ወደ ጓሳችን እንውጣ። ጭላዳ 6 ወር ያህል አርግዛ አንድ ትወልዳለች። ልጁ ሲወለድ ጥቁር ነው፣ መጀመሪያ ሆዷ ላይ ተጣብቆ፣ በኋላ ጀርባዋ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ሌላ የምትወልደው ከ2 ዓመት በኋላ ወይም ከዚያም ቆይታ ነው። አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው አሞራ ደግሞ 1 ወይም 2 እንቁላል ይጥላል፤ ሁለት ቢፈለፈሉም ብዙ ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ቀይ ቀበሮ ነው። 2 ወር ያህል አርግዛ ከ2 እስከ 6 ቡችላ ትወልዳለች። ብዙ ይመስላል አይደል? ግን ከመንጋው ውስጥ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንዷ የበላይ እናት ብቻ ናት፣ እሷም በዓመት አንድ ጊዜ። ሌሎቹ እንደ አክስትና አጎት ጉድጓዱን ይጠብቃሉ፣ አይጥ በልተው መጥተው ለቡችሎቹ ያስመልሱላቸዋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ ሲሆን አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። ኧረ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳን ከዚያ በላይ ተማሪ ይኖራል! የእብድ ውሻ በሽታ ከገባባቸው ደግሞ መንጋው በሙሉ ሊያልቅ ይችላል፤ የሞተውን የምትተካ አንድ እናት እንኳ ላትቀር ትችላለች። በሽታውን የሚያመጡባቸው ውሾቻችን ናቸው። ስለዚህ እረኛ የሆናችሁ ልጆች ያልተከተበ ውሻ አስከትላችሁ ጓሳ አትውጡ።

በቅሎስ ስንት ትወልዳለች? ዜሮ! አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ ስለሆኑ ዘራቸው አይገጥምም፣ እሷም መካን ትሆናለች። በቅሎ የፈለገ ሰው ሁልጊዜ እንደገና ከባዝራና ከአህያ መጀመር አለበት።