የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሙሉ ማደንዘዣ ቢሰጠው ልቡ ይቋቋመዋል?

በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ አባቴ የልብ ደም ስር መጥበብ አለበት፣ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው፤ ማደንዘዣው ልቡን አያቆመውም ወይ?» ስጋታችሁ ይገባኛል። እስቲ ቀለል አድርገን እንየው።

በትንፋሽ የሚሰጡት ማደንዘዣዎች በሀገራችን ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ሃሎቴን፣ እንዲሁም አይሶፍሉሬን እና ሴቮፍሉሬን ናቸው።

ልብ ላይ ምን ያደርጋሉ?

👉 ልብ የሚኮማተርበትን ጉልበት ይቀንሳሉ። ጉልበቱ ሲቀንስ የሚፈልገው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ደም ላነሰው ልብ ይሄ እረፍት ነው።

👉 የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋሉ። የልብ ጡንቻ የራሱን ደም በብዛት የሚያገኘው ልብ ሲላላ ነው፤ ያኔ ግፊቱ በጣም ከወረደ በጠበበው ደም ስር በቂ ደም አያልፍም። ዋናው አደጋ እዚህ ጋ ነው።

👉 ሃሎቴን ደግሞ ልብን ለአድሬናሊን ስሜታዊ ስለሚያደርገው ምቱ ሊዛባ ይችላል።

ልብን ይከላከላሉ የሚባለውስ?

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት፣ የውሾች የልብ ደም ስር ለ5 ደቂቃ እየተዘጋ 4 ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ለ40 ደቂቃ ቢዘጋ የሚሞተው ጡንቻ በጣም እንደሚያንስ አሳየ። ልቡ ለችግሩ «ተዘጋጅቶ» ጠበቀ ማለት ነው። በ1990ዎቹ አይሶፍሉሬንም በእንስሳት ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። ሰው ላይ ግን በ2019 የልብ ደም ስር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ5,000 በላይ ታካሚዎች ሲጠኑ፣ በትንፋሽ በተሰጣቸውና በደም ስር ብቻ በተሰጣቸው መካከል በ1 ዓመት ውስጥ የሞት ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ የሚወስነው ግፊቱንና ምቱን በየደቂቃው የሚከታተል ባለሙያ መኖሩ ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

✅ ደረት የሚያፍን ሕመም ወይም ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ማጠር ካለ ለሰመመን ባለሙያው ንገሩ።

✅ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። እንደ አቴኖሎል ያሉትን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በድንገት ማቆም ልብን ይጎዳል።

✅ በቅርቡ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ደም ስር መዘጋት ከነበረ፣ አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕራሲዮን ቢያንስ 60 ቀን ቢቆይ ይመረጣል።

«ኦፕራሲዮኑን እንዳይከለክሉኝ» ብላችሁ ሕመማችሁን አትደብቁ። ባለሙያው ያላወቀውን ልብ መጠበቅ ይከብደዋል።

ኦፕራሲዮን ለሚጠብቅ ዘመድ ሼር አድርጉለት።