ባለጉንጉን የነዳጅ ቱቦ በተሻሻሉ መኪኖች ላይ፦ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ከፍታና ከገበያው አንጻር የቀረበ ቴክኒካዊ ዳሰሳ

መነሻ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ መካኒሳና ጀሞ ባሉ ጋራዦች፣ ያረጀ መኪናን በሌላ ሞተር ማስነሣት እንግዳ ሥራ አይደለም። ካርቡሬተር ይዞ የመጣ ኮሮላ ኢንጀክሽን ይገጠምለታል፤ የቮልስዋገን ሞተር ወርዶ ይታደሳል፤ የአንዱ መኪና ፓምፕ ለሌላው ይውላል። ለዚህ ልማድ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በመሆኑም በከተማው ያለው የቤንዚን መኪና ዕድሜው የሚረዝመው በጥገና ነው። የሞተሩ ብረት ይህን ዕድሜ ሊችል ይችላል፤ ቤንዚኑን የሚያደርስለት ጎማ ግን አይችልም።

ጎማው ሲተካ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በላዩ የማይዝግ ብረት ሽቦ የተጎነጎነበት፣ የሚያብለጨልጭ ቱቦ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ ምርጫ መቼ ተገቢ እንደሚሆን፣ መቼ ደግሞ ካለመተካት የከፋ አደጋ እንደሚያመጣ ነው።

ግፊቱ ይቅደም

የቱቦ ምርጫ መነሻው ግፊት እንጂ መልክ ሊሆን አይገባም። በካርቡሬተር ሥርዓት መካኒካዊው ፓምፕ የሚፈጥረው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ገደማ ነው። እንደ ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ያለው ባለኢንጀክሽን ሞተር ግን በመስመሩ ላይ ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ገደማ ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን በዓይነትም ይለያል። የካርቡሬተር ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ይሸታል፣ አሽከርካሪው ኮፈኑን ከፍቶ ያየዋል። 3 ባር የተሸከመ ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ እንደ ጉም ይረጫል፤ ለዚያ ጉም ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ኤሌክትሪካዊው ፓምፕም ኃይሉ እስካልተቋረጠ ድረስ መግፋቱን አይተውም። በፋብሪካው አሠራር ሞተሩ መዞር ሲያቆም የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ፓምፑን ያጠፋዋል። በጋራዥ በተቀየረ መኪና ላይ ግን ፓምፑ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሳይታረም ስለ ቱቦ ጥራት መነጋገር ፋይዳው ትንሽ ነው።

የአሜሪካው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ30 በተባለው መስፈርቱ የነዳጅ ቱቦዎችን በደረጃ ይከፍላል። አር6 እና አር7 የተባሉት ለካርቡሬተር፣ ለተንና ለመልስ መስመር የተሠሩ ሲሆኑ የአር7 የሥራ ግፊት 3.4 ባር ገደማ ነው። አር9 የተባለው ለኢንጀክሽን የተዘጋጀና ውስጡ በፍሎሮኤላስቶመር የተለበጠ ሲሆን የሥራ ግፊቱ 6.9 ባር ገደማ ይደርሳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 3 ከ3.4 ስለሚያንስ አር7 በወረቀት ላይ ለኢንጀክሽን የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን የመልስ መስመሩ ቢታጠፍ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ቢደፈን የኢንጀክሽን ፓምፕ ከ5 ባር በላይ ሊገፋ ይችላል፤ የቱቦው መጠባበቂያ አቅም ደግሞ መለካት ያለበት ያ ብልሽት በሚደርስበት ቅጽበት ነው። በተጨማሪም አር9 የሚፈተነው በግፊት ብቻ አይደለም፤ በሞተር ሙቀት ደጋግሞ ተመላልሶ የተበላሸ ቤንዚንን የመቋቋም ብቃቱም ይታያል።

ጉንጉኑ የሚሠራውና የማይሠራው

የሽቦው ጉንጉን ሁለት አገልግሎት አለው። የውስጡ ቱቦ በግፊት እንዳይነፋ አቅፎ ይይዘዋል፤ ከውጭ ከሚመጣ ድንጋይና ፍትጊያም ይጠብቀዋል። የውስጡ ጎማ ለቤንዚን የማይስማማ ከሆነ ግን ጉንጉኑ አያስማማውም፤ የቤንዚን ተን በቱቦው ግድግዳ ሰርጎ እንዳይወጣም አይከለክልም። ሁለት ቱቦዎች በመደርደሪያ ላይ ፍጹም መንትያ ሆነው ሳለ የአንዱ ውስጥ ተራ ናይትራይል ጎማ፣ የሌላው ደግሞ ፒቲኤፍኢ፣ ማለትም ቴፍሎን ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ጉንጉኑ ይሸፍናል። ባዶ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ በዓይን ይታያል፤ በሽቦ ወይም እንደ አሮጌው የጀርመን ቱቦ በጥጥ ክር የተሸፈነ ጎማ ግን ከውስጥ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ይመስላል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሽከረከር መኪና፣ ደረጃው በላዩ የታተመበት ጉንጉን የሌለው አር9 ቱቦ፣ ምንነቱ ካልታወቀ አብረቅራቂ ቱቦ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በየሰፈሩ መለዋወጫ መደብር ገዢው መጠየቅ ያለበት ስለ ውጭው ሽፋን ሳይሆን ስለ ጽሑፉ ነው። ጽሑፉ በጉንጉን ስለሚሸፈን በጥቅልሉ ላይ ያለው መለያ ይታይ፤ ከጫፉም ተቆርጦ ውስጡ ይመርመር። ቴፍሎን ነጭ ወይም ጥቁር፣ ቀጭንና ደረቅ ነው፤ ጎማ ወፍራምና ለጣት ለስላሳ ነው።

ሌላው አማራጭ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠሩ ሱቆች ናቸው። እነዚህ ሱቆች የጫፍ መግጠሚያዎችን በማሽን ጨምቀው ስለሚያስሩ ሥራቸው አስተማማኝ ነው፤ ችግሩ ያለው በቱቦው ዓይነት ላይ ነው። ለገልባጭ መኪና ወይም ለቁፋሮ ማሽን የሚሸጠው ባለሽቦ ቱቦ ለዘይት የተሠራ ነው፤ መቶ ባርን መሸከሙ ለቤንዚን ብቁ አያደርገውም። ከሃይድሮሊክ ቱቦዎች መካከል ለቤንዚን የሚቀርበው 100 አር14 የተባለው፣ ውስጡ ቴፍሎን ውጭው የማይዝግ ብረት ጉንጉን የሆነው ነው። ይህን ከጄ30 አር14 ጋር ማምታታት ቀላል ነው፤ የኋለኛው ተን የማያሳልፍ የጎማ ቱቦ ሲሆን ለከፍተኛ ኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ አይደለም። ከ100 አር14 ውስጥም ቢሆን መመረጥ ያለበት ቢ የተባለው፣ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁሩ ነው። ቤንዚን በነጭ ቴፍሎን ውስጥ በፍጥነት ሲፈስ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ይህ ኤሌክትሪክ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጉንጉኑ ሲዘል በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል።

ከፍታውና የመሳቢያው መስመር

የውጭ አገር የመግጠሚያ መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት በባሕር ወለል አቅራቢያ ላለ መኪና ነው። በ2,250 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 101 ነው። በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ የትነት ግፊቱ 55 ኪሎፓስካል የሆነ ቤንዚን ለምሳሌ ይወሰድ። በባሕር ወለል ይህ ቤንዚን ከመፍላቱ በፊት 46 ኪሎፓስካል ያህል መጠባበቂያ አለው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ግን የሚቀረው 22 ብቻ ነው። ፓምፑ ሲስብ የሚያጎድለው ግፊት፣ ጠባብ ቱቦና የቆሸሸ ማጣሪያ የሚጨምሩት መጎተት፣ ከጭስ ማውጫው የሚመጣው ሙቀት ሁሉ የሚቀነሱት ከዚህ ከ22 ላይ ነው። ሲያልቅ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ይተንናል፣ ፓምፑ ተን ይጨብጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ከአዳማ ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል ሽቅብ የወጣ መኪና ሳሪስ ላይ በመኪና ጭንቅንቅ ሲቆም ይህ ችግር የሚብሰው ሙቀቱ ከፍ፣ የአየሩ ግፊት ደግሞ ዝቅ ባለበት ሰዓት ስለሚገናኙ ነው።

ኤታኖል ሒሳቡን ያጠብበዋል። በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኤታኖሉ የሚመጣው ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ነበር። በዚህ መጠን የተቀላቀለ ኤታኖል የቤንዚኑን የትነት ግፊት በ6 ወይም በ7 ኪሎፓስካል ከፍ ያደርጋል፤ ከ22ቱ የሚቀረው 15 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ተራ ናይትራይል ጎማንም ያሳብጣል፤ ድብልቁ ተቋርጦ ጎማው ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፣ ይደድራል። ዛሬ የሚገጠም ቱቦ በዕድሜው ምን ዓይነት ቤንዚን እንደሚያልፍበት ስለማይታወቅ ኤታኖልን የሚችል ውስጥ መምረጥ ያዋጣል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ መደምደሚያ ባለኤሌክትሪክ ፓምፑ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው አጠገብና ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ የመሳቢያው ቱቦ አጭርና ሰፊ ይሁን የሚል ነው። መጥበብ የሚችለው የመግፊያው ወገን ነው።

ስፋቱ ምን ያህል

በዚህ ረገድ የተለመደው ስሕተት ማሳነስ ሳይሆን ማተለቅ ነው። 82 ኪሎዋት የሚያወጣ 1.6 ሊትር ሞተር በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 35 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል፤ በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህን ያህል እንኳ አይደርስም። ፓምፑ ከመልሱ ጋር በሰዓት 100 ሊትር ያዟዙር ቢባል፣ በ6 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ሲሆን በ4 ሜትር ርዝመት የሚጠፋው ግፊት 0.07 ባር ገደማ ነው። በ8 ሚሊሜትር ወደ 0.02 ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ቱቦውን ማስፋት የሚያተርፈው ነገር የለም። ይልቁንም 14 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባለ4 ሜትር ቱቦ 0.6 ሊትር ቤንዚን ይይዛል፣ ባለ8ቱ 0.2 ብቻ፤ ቱቦው ቢበጠስ እሳቱን የሚመግበው ይህ ልዩነት ነው።

መግጠም

ከሁሉ አስቀድሞ ቱቦው አጭር ይሁን። ከኋላ እስከ ፊት ያለው ረጅሙ መንገድ በብረት ቧንቧ ተሠርቶ ቱቦው በሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም በፓምፑና በሚወዛወዘው ሞተር ዘንድ ብቻ ቢገባ ይመረጣል። ሞተሩ በጎሚኒዎቹ ላይ ስለሚንቀሳቀስ ቱቦው ትንሽ ልል ሊሆን ይገባል። ቴፍሎን በጠባቡ ከታጠፈ ይሰበራል፤ ተመልሶ ቢቃናም የታጠፈበት ቦታ ስለተጎዳ መጣል አለበት።

በጉንጉን ላይ ተራ ባለብሎን ክላምፕ ማጥበቅ በጣም የተለመደ፣ በጣምም የተሳሳተ አሠራር ነው። ክላምፑ ሽቦውን ይጨብጣል እንጂ ጎማውን አይጨብጥም፤ ሽቦው ሲላላ ግፊቱ ቱቦውን ከአፉ ላይ ይገፋዋል። ባለጉንጉን ቱቦ የራሱን መግጠሚያ ይፈልጋል፤ የጎማውና የቴፍሎኑ መግጠሚያም አይወራረሱም፤ የቴፍሎኑ በውስጡ ትንሽ የነሐስ ቀለበት አለው። እነዚህ መግጠሚያዎች ከአሜሪካ ጦርና ባሕር ኃይል የተወረሰ፣ ኤኤን የተባለ አሠራር ይከተላሉ። ቁጥሩ የኢንች አሥራ ስድስተኛ ክፍል ሲሆን 6 ቁጥር 3/8 ኢንች ማለት ነው፤ የመቀመጫው ዝንባሌ 37 ዲግሪ ነው። 45 ዲግሪ ካለው ጋር ሲገናኝ በክር ይጠብቃል፣ በመቀመጫው ግን ያፈሳል። የ6 ቁጥር ክር 9/16 ኢንች ሆኖ 14.3 ሚሊሜትር ስለሚመጣ፣ በጃፓንና በአውሮፓ መኪኖች ከሚገኘው ባለ14 ሚሊሜትር ክር ጋር በዓይን አይለይም። አንዱ በሌላው ዳዶ ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባል፤ ከዚያ ይጠነክራል፤ የጠበቀ ይመስላል። በመፍቻ ከመታገል በፊት በእጅ እስከ መጨረሻው መዞሩን ማረጋገጥ ይህን ያጋልጣል። በእነዚህ ክሮች ላይ የቧንቧ ቴፕ መጠቅለል አያስፈልግም፤ የሚያትመው መቀመጫው ነው፣ የተቀደደ ቴፕ ደግሞ ኢንጀክተር ይደፍናል።

ቱቦው ሲቆረጥ ቦታው በፕላስተር ተጠቅልሎ በቀጭን ዲስክ ይቆረጥ፤ የቀረው የሽቦ ብናኝ በአየር ተነፍቶ ይታጠብ። ጉንጉን እንደ መጋዝ ነው፤ ከአሉሚኒየም፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ከፍሬን ቧንቧ ጋር ከተፋተገ የሚበላው ሌላውን ነው። ስለዚህ በየ30 እና 40 ሴንቲሜትሩ ጎማ በለበሰ መያዣ ይታሰር፤ ብረት ውስጥ በሚያልፍበት ሁሉ ጎሚኒ ይግባለት።

ቮልስዋገን ለብቻው መታየት አለበት። ማጠራቀሚያው ከፊት ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ከኋላ ያለ ቱቦ ሲወልቅ ሞተሩ ቢጠፋም ቤንዚኑ በራሱ ክብደት መፍሰሱን ይቀጥላል። በብዙዎቹ ካርቡሬተሮች ላይ የነሐሷ መግቢያ ቱቦ በግፊት ብቻ የገባች ስለሆነች ከጊዜ በኋላ ትላላለች፤ ያኔ አዲስ ባለጉንጉን ቱቦ መግጠም ክብደት ጨምሮ መነቀሏን ያፋጥናል። መጀመሪያ እሷ ትጠገን። ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ማጣሪያም ወደ ካምቢዮው አጠገብ ይውረድ።

ፍተሻ

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ሳይነሣ ፓምፑ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይነካ። ባለደረቅ ዱቄት የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይኑር። ከዚያ ሞተሩ ከጋለ በኋላ፣ ቀጥሎም ከአንድ ሳምንት መንዳት በኋላ ምርመራው ይደገም። በአዲስ አበባ አቧራ ለዚህ ያግዛል፤ ቤንዚን የሚያሰርግ ጉንጉን ከጎረቤቱ ቀድሞ ይጠቁራል። ጉንጉን ውስጡን ስለሚደብቅ በዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ቢሆን በዓይን የሚታይ ነገር ጥቂት ነው፤ ስለሆነም የተገጠመበት ቀንና የቱቦው ዓይነት በቆርቆሮ ተቀርጾ በመግጠሚያው አንገት ላይ ቢታሰር ቀጣዩ መካኒክ የሚያነበው ነገር ያገኛል።